ቮኮደር ለመግዛት ላሰባችሁ፦ ማይክሮኮርግ፣ ጄዲ-ኤክስአይ፣ ቪፒ-03 ወይስ ነፃው ፕለጊን? አማርኛ ሲዘፈንበትስ?

ብር ከማውጣታችሁ በፊት ጆሯችሁ ላይ ያለው ድምፅ በርግጥ የቮኮደር መሆኑን አረጋግጡ። ሰው ሁሉ በጅምላ "የሮቦት ድምፅ" የሚላቸው ሶስት ነገሮች አሉ፣ አውቶቲዩን፣ ቶክ ቦክስ እና ቮኮደር፣ አሰራራቸው ጭራሽ አይገናኝም፣ እና አንዱን ፈልጎ ሌላውን ገዝቶ የተናደደ ሰው ብዙ ነው።

አውቶቲዩን በ1997 አንታሬስ ያወጣው ሶፍትዌር ነው። የራሳችሁን ድምፅ እንዳለ ይይዝና ፒቹን (የድምፁን ከፍታ) ብቻ ወደሚቀርበው ኖታ ይጎትተዋል፣ ኖታው ላይ ለመድረስ የሚወስደውን ጊዜ የሚወስነውን፣ ሪትዩን ስፒድ የሚባለውን ዜሮ ላይ ስታደርጉት ደግሞ ከኖታ ወደ ኖታ ሳይንሸራተት ድንገት የሚዘለው ድምፅ ይመጣል። የዘፋኟ ሼር "ቢሊቭ" በ1998 ሲወጣ ፕሮዲውሰሮቹ መጀመሪያ ላይ የቮኮደር ፔዳል ነው ብለው ስለነበር እስከዛሬ ቮኮደር የሚመስለው ሰው አለ፣ አይደለም፣ አውቶቲዩን ነው። አሁን አዳዲስ የአማርኛ ዘፈኖች ላይ የምትሰሙትም አብዛኛው እሱ ነው። ስለዚህ የምትፈልጉት ዘፋኙ ራሱ ሆኖ እንዲሰማ፣ ግን ድምፁ ትንሽ ማሽን ማሽን እንዲል ከሆነ ቮኮደር አትግዙ፣ ኮምፒውተር ላይ ያለ የፒች ፕለጊን (ሙዚቃ መስሪያ ፕሮግራም ውስጥ የሚገባ ትንሽ ሶፍትዌር) ይበቃችኋል።

ቶክ ቦክስ ሌላ ነው። የኪቦርዱ ወይም የጊታሩ ድምፅ በትንሽ ስፒከር ወጥቶ በፕላስቲክ ቱቦ አፋችሁ ውስጥ ይገባል፣ እናንተ ያለ ድምፅ አፋችሁን ብቻ እንደምትናገሩ ታንቀሳቅሳላችሁ፣ ከፊት ያለው ማይክ ይቀዳዋል። የፈንክ ሙዚቀኛው ሮጀር ትራውትማን የታወቀበት ድምፅ ይሄ ነው። በጣም ሞቃት ድምፅ ነው፣ እኔ እንደውም ለፈንክ ከቮኮደር አስበልጠዋለሁ፣ ግን ቱቦ ጥርስ መሃል ይዞ ቃል ማጥራት ረጅም ልምምድ ይፈልጋል፣ ማይኩም የአዳራሹን ስፒከሮች ድምፅ መልሶ ከሰማ ወዲያው ይጮኻል።

ቮኮደር ላይ ደግሞ የእናንተ ድምፅ ጭራሽ አይሰማም። የሚሰማው ሲንተሳይዘሩ (ባጭሩ ሲንት፣ ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥረው ኪቦርድ) ነው። እናንተ የምትሰጡት አፋችሁ ለድምፁ የሚሰጠውን ቅርፅ ብቻ ነው። ይሄን አንድ ነገር ከያዛችሁ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ይገባችኋል።

እንዴት ነው የሚሰራው

ሁለት ድምፅ ይገባል። አንዱ ከማይኩ የሚመጣው ነው፣ ሞዱሌተር ይባላል። ሌላው ሲንቱ የሚያወጣው ነው፣ ካሪየር ይባላል። ማሽኑ የማይኩን ድምፅ ከታች ከወፍራሙ እስከ ላይ ቀጭኑ ድረስ በፊልተር ይከፋፍለዋል፣ ስምንት ቦታ ሊሆን ይችላል፣ አስር፣ አስራ ስድስት፣ እንደ ማሽኑ ነው፣ ባንድ የሚባሉት እነሱ ናቸው። እያንዳንዱ ባንድ ላይ "አሁን እዚህ ጋ ምን ያህል ጉልበት አለ" እያለ የሚለካ ኢንቨሎፕ ፎሎወር የሚባል አለ። ካሪየሩም በተመሳሳይ ፊልተሮች ይከፋፈላል፣ ከማይኩ የተለካው መጠን ደግሞ የካሪየሩን ያንኑ ባንድ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ሲንቱ ኢኳላይዘር ውስጥ እያለፈ አንድ ሰው እናንተ በተናገራችሁ ቁጥር ፌደሮቹን በየቅፅበቱ ቢያንቀሳቅሳቸው ልክ ይሄው ነው የሚሆነው።

"ኢ" ስትሉ ከታች ትንሽ፣ ከዛ መሃሉ ባዶ፣ ከዛ ከ2000 ኸርዝ በላይ ሌላ ጉልበት ይነሳል። "ኡ" ስትሉ የላይኛው ይጠፋና የታችኛው ብቻ ይቀራል። ቮኮደሩ ያንን ቅርፅ ሲንቱ ላይ ይደግመዋል፣ ስለዚህ ኪቦርዱ "ኢ" "ኡ" ይላል ማለት ነው። ኪቦርዱን ካልተጫናችሁ ደግሞ የፈለጋችሁትን ያህል ብትጮሁ ምንም አይወጣም፣ ብዙ ጀማሪ "ተበላሽቷል" የሚለው እዚህ ጋ ነው፣ ካሪየር ስለሌለ እኮ ነው።

መጀመሪያውኑ ለሙዚቃ የተሰራ ነገር አልነበረም። ሆመር ደድሊ አሜሪካ ቤል ላብስ ውስጥ በ1928 ገደማ የጀመረው ንግግርን በጠባብ የቴሌፎን መስመር ለማሳለፍ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ሲግሳሊ የሚባለው፣ ከ50 ቶን በላይ የሚመዝን ማሽን፣ ከ1943 ጀምሮ በዋሽንግተንና በለንደን መሃል የባለስልጣናትን ንግግር ሚስጥር አድርጎ ያስተላልፍ ነበር፣ ውስጡ ቮኮደር ነው። የመጀመሪያው አላማ ቃሉ እንዲገባ እንጂ ዜማው እንዲያምር አልነበረም፣ እኔም ስመርጥ መጀመሪያ የምጠይቀው ይሄንኑ ነው፣ ቃሉ ይሰማል ወይ? አማርኛ ግጥም የምትዘፍኑ ከሆነ ከባንድ ብዛትም ከብራንድም በፊት ይሄ ነው የሚቀድመው።

ከመግዛት በፊት ማወቅ ያለባችሁ ኪሳራ

ፒቹ የሚመጣው ከኪቦርዱ ስለሆነ እናንተ ከቁልፍ ብትወጡም ችግር የለውም፣ ይሄ ጥሩ ነው። ግን በዛው ልክ ዘፋኙ ጉሮሮው ላይ የሚያረገበግበው፣ ትዝታ ወይ አምባሰል ሲዘፈን ከኖታ ወደ ኖታ እየተጠማዘዘ የሚወርደው ነገር ሁሉ ይጠፋል። ቮኮደሩ አይሰማውም። ያንን ነፍስ የምትፈልጉ ከሆነ በእጃችሁ ነው መመለስ ያለባችሁ፣ ካሪየሩን ሞኖ (በአንዴ አንድ ኖታ ብቻ) አድርጉት፣ ትንሽ ፖርታሜንቶ (ከኖታ ወደ ኖታ መንሸራተት) ስጡት፣ ግራ እጃችሁን ኖታውን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ፒች ቤንድ ላይ አድርጉ። እንደ ዘፋኙ አይሆንም፣ ራሱን የቻለ ሌላ ውበት ግን አለው።

ኮርድ ስትይዙ ደግሞ ተጠንቀቁ። ቮኮደር ላይ ሶስት ኖታ ስትይዙ ሶስት ሰው አንድ ቃል በአንዴ ይላል፣ በፈረንጅ ኮርድ የተሰራ ዘፈን ላይ በጣም ያምራል፣ ቅኝት ላይ ግን ከአምስቱ ኖታ የወጣ ኖታ የያዘ ኮርድ ቅኝቱን ይገለብጠዋል። ትዝታ፣ ባቲና አምባሰል ላይ መነሻውን ከአምስተኛው ጋር መያዝ ይሰራል፣ አንቺሆዬ ላይ ግን አምስተኛው ግማሽ ቶን ስለወረደ ኦክታቭ ብቻ ያዙ።

ፕለጊን ወይስ ዕቃ

ቤት ውስጥ ብቻ የምትቀዱ ከሆነ ዕቃ አትግዙ። ይሄን በሙሉ ልቤ ነው የምለው። ታል-ቮኮደር የሚባል ነፃ ፕለጊን አለ፣ 11 ባንድ ነው፣ ካሪየር የሚሆን ሲንት በውስጡ አለው፣ የድሮዎቹን ማሽኖች ጠባይ ይዞ የተሰራ ነው፣ ቮኮደር የምትፈልጉት መሆን አለመሆኑን ያለ አንድ ብር ታውቃላችሁ። ከሙዚቃ መስሪያ ፕሮግራሞች ኤፍኤል ስቱዲዮን የምትጠቀሙ ደግሞ እንደ ኤዲሽኑ ቮኮዴክስ አለላችሁ፣ እስከ 100 ባንድ ይሄዳል። ኤብልተን ላይቭ የራሱ ቮኮደር አለው፣ ከ4 እስከ 40 ባንድ፣ ለመማር ከሁሉም የሚመቸኝ እሱ ነው ምክንያቱም ባንዶቹን ስክሪኑ ላይ እያያችሁ በማውስ ከፍ ዝቅ ታደርጓቸዋላችሁ። ሎጂክ ያላችሁ ኢቮክ 20 አለ።

የፕለጊን ችግሩ ላተንሲ፣ ማለትም ድምፁ ገብቶ እስኪወጣ ያለው መዘግየት ነው። ሳውንድ ካርዳችሁን 48 ኪሎኸርዝ ላይ በ512 በፈር (ኮምፒውተሩ በአንዴ የሚያጠራቅመው የድምፅ መጠን) ስትጠቀሙ መግቢያው ብቻ ወደ 11 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፣ መውጫው ሲደመርበት እየዘፈናችሁ ስትጫወቱ እጃችሁና አፋችሁ መለያየት ይጀምራል። 128 ላይ ስታወርዱት አንዱ መንገድ ከ3 ሚሊሰከንድ በታች ይሆናል፣ ያ ይቻላል፣ ግን ላፕቶፑ ደከም ያለ ከሆነ ድምፁ ይሰነጣጠቃል። ለመቅዳት ምንም ችግር የለውም፣ ድምፁን ቀድታችሁ ኋላ ካሪየሩን በሚዲ (ድምፁን ሳይሆን የኖታውን ትዕዛዝ ብቻ በሚይዘው) ትሰሩበታላችሁ፣ እንደውም እንደዛ ነው የሚሻለው ምክንያቱም ኖታውን በሃያ መንገድ መለዋወጥ ትችላላችሁ። መድረክ ላይ ግን ላፕቶፕ፣ ሳውንድ ካርድ፣ ኬብል፣ ከዛ መብራት ሄዶ ጀነሬተር እስኪነሳ ሁሉም ሪስታርት፣ አይ፣ መድረክ ላይ ዕቃው ያሸንፋል።

ከዕቃዎቹ መሃል

ማይክሮኮርግ በ2002 ወጣ፣ እስካሁን በየቦታው የምታዩት ሚጢጢዋ ከጎኗ እንጨት ያላት ናት። 37 ትንንሽ ቁልፍ፣ በአንዴ አራት ኖታ፣ ማይኩ አንገቱ የሚጣመም ሆኖ አብሮ ይመጣል፣ ቮኮደሩ 8 ባንድ ነው። ስድስት ባለ ድርብ-ኤ ድንጋይም ትቀበላለች፣ መብራት ለሚሄድበት ቦታ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ስምንት ባንድ ትንሽ ነው፣ አልዋሽም፣ አናባቢዎቹ ይደፈጠጣሉ፣ በተለይ ግዕዙና ሳድሱ፣ "ለ" እና "ል" ማለቴ ነው፣ ሁለቱም ምላስ መሃል ላይ የሚሰሩ ስለሆኑ ቅርፃቸው ይቀራረባል፣ ባንዱ ሲያንስ አንድ ይሆናሉ። ግን ሴቲንጉ ሁሉ እጃችሁ ላይ ነው፣ ሲንቱም ራሱ ጎበዝ ነው፣ ቮኮደሩ ቢሰለቻችሁ እንኳን ቤዝና ሊድ ትጫወቱበታላችሁ። ቃሉ የበለጠ እንዲጠራ ከፈለጋችሁና ከተገኘ ማይክሮኮርግ ኤክስኤል 16 ባንድ ነው።

ሮላንድ ጄዲ-ኤክስአይ የ2015 ነው። እሱም 37 ትንንሽ ቁልፍ፣ እሱም ከማይኩ ጋር፣ ግን ቮኮደሩ ላይ ኦቶፒች የሚባልም ተጨምሮበታል፣ ማለትም ከላይ ያልኩትን የአውቶቲዩን አይነት ድምፅና ቮኮደሩን በአንድ ዕቃ ታገኛላችሁ፣ ድራምና ኖታ ይዞ እየደጋገመ የሚጫወት ሲኩዌንሰርም አለው። ለብቻው ሆኖ ሙሉ ትራክ ለሚሰራ ሰው ከማይክሮኮርግ ይሄ ይሻላል ባይ ነኝ። ቮኮደሩን ራሱን በጥልቀት መነካካት ለሚወድ ግን ማይክሮኮርግ ላይ የምትቀይሩት ነገር ይበዛል።

ቪፒ-03 ሮላንድ በ2016 ያወጣው ነው፣ የ1979ኙን ቪፒ-330 ቮኮደር ኪቦርድ አሳንሰው የሰሩበት። ሶስት ነገር ብቻ ነው የሚያደርገው፣ ቮኮደር፣ ሂውማን ቮይስ የሚሉት የ"አአአ" ኳየር፣ እና ስትሪንግስ። ግን እነዚህን ሶስቱን ሲያደርግ ልብ ይነካል፣ በቃ። ቁልፍ የለውም፣ ሌላ ኪቦርድ በሚዲ መሰካት አለባችሁ። በዩኤስቢ ስለሚሰራ ፓወር ባንክም ያንቀሳቅሰዋል። ቤህሪንገር ቪሲ340 የዛኑ የ1979 ማሽን ሃሳብ ይዞ አናሎግ ሆኖ ከትልልቅ 37 ቁልፍ ጋር የመጣ ነው፣ የሁለት እጅ ኮርድ ብትይዙም ኖታ አይቆርጥባችሁም፣ ክብደቱ ግን ለታክሲ አይመችም።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። የሙዚቃ ባንድ ውስጥ ኪቦርድ የምትጫወቱና ቮኮደሩ በአንድ ሾው ሁለት ሶስት ዘፈን ላይ ብቻ የሚገባ ከሆነ ማይክሮኮርግ። ብቻችሁን ቢት የምትሰሩ ከሆነ ጄዲ-ኤክስአይ። ኳየር የሚመስለው ሰፊ ድምፅ ከሆነ የማረካችሁና ሌላ ሲንት ካላችሁ ቪፒ-03 ወይ ቪሲ340። ስቱዲዮ ብቻ ከሆነ ፕለጊን፣ የቀረውን ብር ማይክ ግዙበት።

ሴቲንጉ፣ በማይክሮኮርግ

ማይክሮኮርግ ላይ የፕሮግራም መምረጫዋን ክብ ኖብ መጨረሻ ላይ ቮኮደር ወደሚለው አዙሯት፣ 16 ፕሪሴት (ተዘጋጅቶ የመጣ ድምፅ) አለ። ፕሪሴቱ ላይ ዝም ብላችሁ አትቆዩ፣ አማርኛ ታስቦ የተሰሩ አይደሉም፣ እንዳለ አይሄዱም።

መጀመሪያ የማይክ መጠን። የቮኮደር ችግር አብዛኛው እዚህ ነው የሚጀምረው። ጮክ ብላችሁ እየዘፈናችሁ መግቢያውን ክፈቱት፣ መሰነጣጠቅ ሲጀምር ትንሽ መልሱት። አፋችሁን ለማይኩ አስጠጉ፣ አራት ጣት ያህል። ሩቅ ከሆናችሁ ማይኩ ከእናንተ በላይ ድራሙን ይሰማል፣ ያኔ ቮኮደሩ በየስኔሩ ምት "ጷ" "ጷ" ማለት ይጀምራል። አብሮ የሚመጣው ማይክ ኮንደንሰር ስለሆነ ጫጫታ ባለበት መድረክ ላይ እኔ አልወደውም፣ ተራ ዳይናሚክ ማይክ፣ ኤስኤም58 እንኳን ቢሆን፣ ከኋላ ባለው በጃኩ ሰክታችሁ ማብሪያውን ዳይናሚክ ላይ አድርጉ፣ በጣም ይለያል።

ከዛ ጌት ሴንስና ትሬሽሆልድ። ትሬሽሆልድ ከዚህ መጠን በታች ያለውን ማይክ አልሰማም የሚልበት መስመር ነው፣ ጌት ሴንስ ደግሞ ድምፁ ከቆመ በኋላ በምን ፍጥነት እንደሚዘጋ ነው። ትሬሽሆልዱን ለጫጫታ ብላችሁ ከፍ ስታደርጉ መጀመሪያ የሚበላችሁ "ሀ" ነው፣ ትንፋሽ ብቻ ስለሆነ ደካማ ነው፣ "ሀገሬ" ስትሉ "አገሬ" ይሆናል። ከሱ ቀጥሎ ሳድስ የሆኑት የቃል መጨረሻዎች ናቸው የሚቆረጡት። ስለዚህ ቤት ውስጥ ሲሆን ዜሮ አካባቢ ተዉት፣ መድረክ ላይ ደግሞ ዝም ስትሉ ድራሙ እስከማያስነሳው ድረስ ብቻ ጨምሩ፣ አንዲት ነጥብ አትለፉ።

ኤችፒኤፍ ሌቨል የሚለው ለእኛ ወርቅ ነው። ይሄ የማይኩን የላይኛውን ቀጭን ድምፅ፣ የባንዶቹን ፊልተሮች ሳያስነካ፣ ቀጥታ ወደ መውጫው ይጨምረዋል። ለምን ያስፈልጋል? ሰ፣ ሸ፣ ፀ፣ ጨ፣ ጉልበታቸው ያለው ላይ ላይ ነው፣ ሲንቱ ደግሞ እዛ ላይ ብዙ የሚሰጠው ነገር የለውም፣ ስለዚህ ይጠፋሉ። ኤችፒኤፍ ሌቨሉን ከዜሮ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ "ሰላም" ስትሉ ሰው "አላም" ብሎ የማይሰማበት ቦታ ላይ ስትደርሱ አቁሙ። ካለፋችሁ ምራቅ የሚረጭ ይመስላል። ሌሎች ማሽኖችና ፕለጊኖች ላይ ይሄንኑ ስራ አንቮይስድ የሚል ኖብ ነው የሚሰራው፣ እነሱ ብዙ ጊዜ የማይኩን በማሳለፍ ፈንታ በቦታው ኖይዝ ይተካሉ፣ ድምፁ ትንሽ ይለያል፣ አላማው ግን አንድ ነው።

ዳይሬክት ሌቨል ያልተነካውን የማይክ ድምፅ የሚጨምር ነው። ቃሉ አልሰማ ሲል ብዙ ሰው ይሄን ነው የሚጨምረው፣ እኔ አልመክርም፣ ምክንያቱም የራሳችሁ ፒች ይገባና ከኪቦርዱ ጋር ይጋጫል። ካስፈለገም በጣም ትንሽ።

ፎርማንት ሺፍት ባንዶቹን ወደ ላይ ወይ ወደ ታች ያዛውራቸዋል፣ ፕላስ ሲሆን የልጅ አፍ፣ ማይነስ ሲሆን የግዙፍ ሰው አፍ ይሆናል፣ ፒቹ ግን አይቀየርም። ወንድ ሆናችሁ በላይኛው ኦክታቭ የምትጫወቱ ከሆነ ፕላስ አንድ ሞክሩ፣ ቃሉ ይከፈታል። ኢኤፍ ሴንስ የሚለው ደግሞ ኢንቨሎፕ ፎሎወሩ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ ነው፣ ሌላ ቦታ አታክና ሪሊዝ ብለው ለሁለት የሚከፍሉት ነው። መጨረሻው ድረስ ስታዞሩት ሆልድ ይሆናል፣ በዛች ቅፅበት የነበረው የአፋችሁ ቅርፅ ይያዝና እናንተ ዝም ብትሉም ኪቦርዱ "አአአ" እያለ ይቀጥላል፣ ለኢንትሮ በጣም ያምራል።

አማርኛ ላይ ይሄ ፍጥነት ወሳኝ ነው፣ በሁለት ምክንያት። አንደኛው ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ፀ እና ጰ ናቸው። እነዚህ ድምፆች ተዘግተው ቆይተው ተፈንጥረው ነው የሚወጡት፣ ከዛም አናባቢው እስኪመጣ ትንሽ ባዶ ቦታ አለ፣ ያቺ ፍንጥርታና ያቺ ባዶ ቦታ ናት "ጠ"ን ከ"ተ" የምትለየው። ፎሎወሩ ቀርፋፋ ከሆነ ፍንጥርታውን አይደርስበትም፣ ባዶውንም ይሞላዋል፣ "ጠራ" እና "ተራ" አንድ ይሆናሉ። አታክ ለብቻው ያለበት ፕለጊን ላይ ከ5 ሚሊሰከንድ በታች አድርጉት። ሁለተኛው መጥበቅና መላላት ነው። "ገና" ላልቶና "ገና" ጠብቆ የሚለየው ያ "ነ" በሚቆይበት ጊዜ ብቻ ነው፣ ሪሊዙ ረጅም ሲሆን ሁሉም ይለጠጣል፣ የጠበቀውና የላላው አይለይም። ለግጥም ሪሊዙን አጭር አድርጉት፣ ለኳየር አይነት ፓድ ብቻ አስረዝሙት።

ካሪየሩን ደግሞ አትርሱ፣ ሰው ቮኮደሩን ሲነካካ ውሎ ካሪየሩን አያየውም። ቮኮደር መቁረጥ የሚችለው ያለውን ድምፅ ነው። ሳይን ዌቭ ብትሰጡት ውስጡ አንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ ስለሆነ ቃል የሚባል ነገር አይወጣም። ሳው ወይም ጠባብ ፐልስ የሚባሉትን ብዙ ፍሪኩዌንሲ የያዙ ሞገዶች ስጡት፣ ሁለተኛውን ኦሲሌተር (ድምፅ አመንጪ) ትንሽ ዲቲዩን አድርጉት፣ ማለትም ከመጀመሪያው በጥቂቱ ፈቀቅ ይበል፣ ትንሽ ኖይዝ ጨምሩበት፣ ኖይዙ ለ"ሰ" እና ለ"ሸ" መነሻ ይሆናቸዋል። የሲንቱ ካትኦፍ (የላይኛውን ድምፅ የሚቆርጠው ፊልተር ኖብ) ተዘግቶ ከሆነ ክፈቱት። በጣም ታች ኦክታቭ ላይ ስትጫወቱ ቃሉ ይጎረብጣል፣ በጣም ላይ ስትወጡ ደግሞ ሃርሞኒኮቹ ተራርቀው በመሃላቸው ያሉት ባንዶች ባዶ ይሆኑና ቃሉ ይጠፋል፣ መሃል ኪቦርድ አካባቢ ቆዩ።

ሁሉንም ካስተካከላችሁ በኋላ አንድ ዓረፍተ ነገር እየደጋገማችሁ ፈትሹ፣ እኔ የምጠቀምበት "ፀሐይ ስትጠልቅ ጭሱ ጠፋ" የሚለውን ነው፣ ፀ አለ፣ ስ አለ፣ ጠ፣ ቅ፣ ጭ፣ ፋ አለ፣ ሁሉም ከባድ ነገር እዛው ነው። ግጥሙን የማያውቅ ሰው ጀርባውን ሰጥቷችሁ ይስማና ምን አላችሁ በሉት። ጭሱን "ሱ" ካለ ኤችፒኤፍ ይጨመር፣ "ጠፋ"ን "ተፋ" ካለ ፎሎወሩ ይፍጠን፣ "ፀሐይ" መሃሉ ላይ ከተቆረጠ ትሬሽሆልዱ ይውረድ።

ያገለገለ ስትገዙ

እነዚህ ዕቃዎች እኛ ጋ የሚደርሱት በብዛት ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ወይም ያገለገለ ሆነው ነው። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ አዳፕተሩ ላይ የተፃፈውን አንብቡ፣ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃል፣ 120 ብቻ የሚል ከሆነ እኛ ጋ ባለው 220 ላይ እንዳትሰኩት፣ ተመሳሳይ ቮልትና ፖላሪቲ ያለው ሌላ አዳፕተር ፈልጉ። ማይኩን ጠይቁ፣ አንገቱ የሚጣመመው ማይክ ቶሎ የሚጠፋ ነገር ነው፣ ሻጩ "ማይክ የለውም ግን ይሰራል" ካላችሁ የራሳችሁን ማይክ ይዛችሁ ሂዱና ቮኮደር ፕሮግራም ላይ አድርጋችሁ እያንዳንዷን ቁልፍ እየተጫናችሁ "አ ኢ ኡ" በሉ። የማይኩን መጠን ኖብ እያዞራችሁ ሽርርር የሚል ድምፅ ካለ ውስጡ አቧራ ነው፣ ይፀዳል፣ ዋጋ ለመቀነስ ተጠቀሙበት። ኖቡ ሙሉ ተከፍቶ ምንም ካልወጣ ግን መጀመሪያ የኮንደንሰርና ዳይናሚክ ማብሪያውን ቀይራችሁ ሞክሩ፣ ከዛ በኋላም ዝም ካለ መግቢያው ሞቷል፣ ለሲንትነቱ ብቻ የምትፈልጉት ካልሆነ ትታችሁት ሂዱ።